ጣሪያ አይቶ ምድጃ መገመት፦ ሳተላይት የኑክሌር ጣቢያን እንዴት ይከታተላል?

ልጅ ሆነን ጌጃ ሰፈር የጎረቤትን ሥራ የምናውቀው በጭስ ነበር። ከቤታችን ጀርባ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ማክሰኞና ዓርብ ማለዳ ከማድ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ጭስ ሲወጣ "ዛሬ ይጋገራል" እንላለን። ምጣዱን አላየንም፣ ሊጡንም አላየንም። ያየነው ቆርቆሮና ጭስ ብቻ ነው። ግን ከዋዜማው በር ላይ የተከመረው ማገዶ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሲገጣጠሙ አንሳሳትም ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ጭስ አይተን ትኩስ እንጀራ ፍለጋ ስንሮጥ ሴትዮዋ ግቢ ጠርገው ቅጠል እያቃጠሉ አገኘናቸው። ስቀው መለሱን።

ይህ ታሪክ ትዝ ያለኝ በቅርቡ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ላፕቶፔ ላይ የሳተላይት ምስል ስሠራ አይታ፣ "እነዚህ ሳተላይቶች አንድ አገር ኑክሌር እየሠራ መሆን አለመሆኑን ያውቃሉ የሚባለው እውነት ነው? የሚያዩት ጣሪያ አይደል እንዴ?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። የሚያዩት ጣሪያ ነው። መልሱም ከጎረቤታችን ጭስ ብዙ አይርቅም።

ደግሞ ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ግንባታው የተጀመረ ቀን ቦታው ከሰማይ መታየቱ አይቀርም። ሌሎች ስለ እኛ የሚያነቡትን ምስል እኛም ማንበብ ብንችል አይከፋም። እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር።

አንድ ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም

የሳተላይት ምስል ከፒክስሎች የተሠራ ነው። ፒክስል ማለት ምስሉ ላይ ያለች ትንሿ አራት ማዕዘን ነች። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ምስላቸውን ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣሉ፤ ጥርት ባሉት የቀለም መስመሮቻቸው የአንዷ ፒክስል ጎን 10 ሜትር ነው። ስለዚህ አንዷ ፒክስል መሬት ላይ 100 ካሬ ሜትር ትሸፍናለች። አራት በአምስት የሆነች የጌጃ ሰፈር ቤት 20 ካሬ ሜትር ናት፤ አንዲት ፒክስል ውስጥ አምስት እንዲህ ዓይነት ቤቶች ተቀላቅለው አንድ ቀለም ይሆናሉ ማለት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 የፒክስሏ ጎን 13.7 ሜትር ነበር። ምስል የሚሸጡ ኩባንያዎች ያሏቸው ሳተላይቶች ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳሉ። ሴንቲኔል-2 በአንዲት ፒክስል የሚያየውን ቦታ እነሱ ከ1,000 በሚበልጡ ፒክስሎች ያዩታል።

ሆኖም በጣም ጥርት ያለው ምስል እንኳ ለብቻው ሲሆን "እዚህ ትልቅ ሕንፃ አለ" ከማለት አያልፍም። ፋብሪካ ይሁን መጋዘን አይታወቅም። ዋናው ቁም ነገር ያለው በሁለት ምስሎች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ያልነበረ ጉድጓድ፣ አዲስ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ድርብ አጥር፣ ወደ ባዶ ተራራ የሚወስድ አስፋልት፤ እነዚህ ናቸው የሚናገሩት። ሙያው ይህን "የለውጥ ልየታ" ይለዋል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። የድሮውን ምስል ከአዲሱ ላይ ትቀንሳላችሁ። ልዩነቱ ዜሮ የሆነበት ቦታ አልተለወጠም፤ ልዩነቱ የበዛበት ተለውጧል። በቃ? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ጥላው አታለለኝ

ለመለማመጃ የመረጥኩት የማውቀውን ሰፈር ነበር። ልደታን፣ ጌጃ ሰፈርንና የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤትን የሚያካትቱ ሁለት የሴንቲኔል-2 ምስሎች አወረድኩ፤ አንዱ የታኅሣሥ፣ ሌላው የሰኔ። ፕሮግራሙ ስሌቱን ጨርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ አጠገብ ቀይ ምልክት አደረገ። "ትልቅ ለውጥ አለ" ማለቱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው በቀር ምንም የለም። ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ጥላው ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ያ ሕንፃ 99.9 ሜትር ይረዝማል። ሳተላይቱ በእኛ ሰማይ የሚያልፈው ረፋድ ላይ ነው። በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ 51 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የሕንፃው ጥላ ወደ 80 ሜትር ይረዝምና ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። በሰኔ ግን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትዞራለች፣ ከፍታዋም 64 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጥላው ወደ 50 ሜትር ያጥርና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወድቃል። ሕንፃው ንቅንቅ አላለም፤ ኮምፒውተሩ ግን ከአንዱ ጎን የጠፋውን ጨለማና በሌላው ጎን የመጣውን ጨለማ ለውጥ ብሎ ቆጠረው።

እግረ መንገዳችንን፣ ጥላ ጠላት ብቻ አይደለም። የፀሐይዋ ከፍታ ከታወቀ የጥላውን ርዝመት በማዕዘኑ ታንጀንት ስታባዙ የሕንፃውን ቁመት ታገኛላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል "ይሄ ትሪጎኖሜትሪ ምን ይሠራልኛል?" ያላችሁ ካላችሁ፣ የምስል ተንታኞች የማቀዝቀዣ ማማን ቁመት የሚለኩት በዚሁ ነው።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ክረምት ሲገባ መሬቱ ይለመልማል፤ በጋ ሲመጣ ይቢጫል። አንድ ሰው የዛገ ቆርቆሮውን በአዲስ ሲቀይር ከሰማይ ሲታይ ያንጸባርቃል። ሁለቱ ምስሎች በአንዲት ፒክስል ከተዛነፉ ደግሞ የእያንዳንዱ መንገድ ጠርዝ "ተለውጧል" ይባላል። ስለዚህ ከመቀነሱ በፊት ምስሎቹን በትክክል ማነባበር፣ ተቀራራቢ ወቅትና ሰዓት መምረጥ፣ የአየሩን ጭጋግ በስሌት ማስተካከል የግድ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ስህተት ይቀራል። ልደታ ክፍለ ከተማ 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 90,000 ፒክስል ማለት ነው። ፕሮግራማችሁ ካልተለወጠው ውስጥ አንድ በመቶውን ብቻ በስህተት "ተለውጧል" ቢል 900 ገደማ የሐሰት ምልክት ታገኛላችሁ። እውነተኛው ለውጥ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙን ብታጠብቁት እውነተኛውም ያመልጣችኋል። ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው የሙያው ትልቁ ፈተና።

የሬአክተር "ጭስ" ምንድነው?

አሁን ወደ ኑክሌር እንምጣ። የኑክሌር ሬአክተር ማለት ሲጠቃለል ውሃ ማፍያ ነው። የዩራኒየም አቶሞች ሲሰነጠቁ ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱ ውሃን እንፋሎት ያደርጋል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ችግሩ፣ ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀየረው ሲሶው ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ ወደ ወንዝ፣ ወደ ባሕር ወይም ወደ አየር መጣል አለበት።

ምን ያህል ነው? 1,000 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ወደ 2,000 ሜጋ ዋት ሙቀት ይጥላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል፣ ይሄ ግማሽ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጊዜ፣ ሌት ተቀን እንደ መጣድ ነው። ይህን ያህል ሙቀት ደግሞ ጣሪያ ሥር አይደበቅም።

ዓይናችን ሙቀትን አያይም፤ አንዳንድ ሳተላይቶች ግን ያያሉ። ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃል። የአሜሪካ ላንድሳት ሳተላይቶች ይህን ጨረር ይለካሉ። በሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል አራተኛ ሬአክተር ሲፈነዳ ሶቪየት ኅብረት ለሁለት ቀን ያህል ለዓለም ምንም አልተናገረችም ነበር። ላንድሳት-5 በሦስተኛው ቀን በዚያ አለፈ። ከአደጋው በፊት በተነሱት ምስሎች ላይ የጣቢያው ማቀዝቀዣ ኩሬ ላይ ሬአክተሮቹ የሚጥሉት የሞቀ ውሃ ሲፈስ በግልጽ ይታይ ነበር። ከአደጋው በኋላ በተነሱት ግን ያ ሙቀት ከኩሬው ላይ ጠፋ። ይህን ያየ ተንታኝ አንድ ሬአክተር ብቻ ሳይሆን የቀሩትም መቆማቸውን ተረድቷል። ማድ ቤቱ ውስጥ ሳይገቡ ምድጃው መጥፋቱን ማወቅ ማለት ይሄ ነው።

ሌላው ምሳሌ ሰሜን ኮሪያ ናት። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ከዮንግብዮን የኑክሌር ማዕከል እንዲወጡ ተደርገዋል። ከዚያ ወዲህ የኤጀንሲው ዋና ዓይን ሳተላይት ነው። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከሐምሌ መጀመሪያ አንስቶ ከዮንግብዮን 5 ሜጋ ዋት ሬአክተር የማቀዝቀዣ ውሃ ሲለቀቅ መታየቱን፣ ይህም ሬአክተሩ እየሠራ ከመሆኑ ጋር እንደሚጣጣም ገለጸ። አነጋገሩን ልብ በሉ። "እየሠራ ነው" ብሎ አልደመደመም፤ "ከመሥራቱ ጋር የሚጣጣም ምልክት" ነው ያለው። ይህች ጥንቃቄ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ጭስ የሌለው ማድ ቤትም አለ። ዩራኒየም የሚያበለጽጉ ሴንትሪፊዩጆች እንደ ሬአክተር ብዙ ሙቀት አይጥሉም። እዚያ ላይ የሚያግዘው የቆየ ምስል ነው። የኢራኑ ናታንዝ የበለጸገ ታሪክ አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ በወጡ የንግድ ሳተላይት ምስሎች ላይ ትላልቆቹ አዳራሾች ከመሬት በታች ሲገነቡ ይታዩ ነበር። በኋላ አፈር ለበሱ። ዛሬ ብቻ የተነሳ ምስል ያየ ሰው ሜዳ ይመስለዋል። የድሮውን ያየ ግን ሥሩ ምን እንዳለ ያውቃል። ለዚህ ነው ማንም በማይፈልገው ቀን የተነሳ ምስል እንኳ መጣል የሌለበት።

ደመና ሲሸፍንስ? የሕዳሴ ግድብ ምሳሌ

"ክረምት ላይ ደመና ሲሆንስ?" አለችኝ ዘመዴ። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አገራችን የኑክሌር ጣቢያ የላትም፤ ነገር ግን ዓለም በሙሉ ከሰማይ የተከታተለው አንድ ግንባታ አለን።

ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። የሕዳሴ ግድብ ድርድር ጦፏል። ጉባ ላይ ክረምቱ ገብቷል፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል። ተራ ካሜራ ከደመናው ጀርባ አያይም። ሴንቲኔል-1 ግን ራዳር ነው። የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል። የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደመናው አያግደውም፣ ጨለማም አያግደውም። ሻካራ መሬት ሞገዱን ወደ ሳተላይቱ ይመልሳል፤ ለስላሳ የውሃ ገጽ ግን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ውሃ በራዳር ምስል ላይ ጥቁር ነው። ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 5 ባሉት ቀናት የተነሱት ምስሎች ከግድቡ በስተ ጀርባ ያ ጥቁር ቦታ እየሰፋ መሄዱን አሳዩ። ምስሎቹ በዓለም ሚዲያ ተሰራጩ።

ውሃው መኖሩን ማንም ሊክድ አይችልም ነበር። ጥያቄው "ለምን?" የሚለው ነው። ሆን ተብሎ ሙሌት ተጀምሯል? ወይስ በክረምቱ የሚገባው ውሃ ከሚወጣው በልጦ በራሱ እየተጠራቀመ ነው? ሐምሌ 8 ቀን የወቅቱ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር ዶ/ር ስለሺ በቀለ ውሃው የግንባታው ሂደት የሚያመጣው መሆኑን ገለጹ። የመጀመሪያው ዓመት ሙሌት መጠናቀቁ በይፋ የተነገረው ሐምሌ 14 ቀን ነው። በመካከል ባሉት ቀናት አንድ ዓይነት ምስል ለአንዱ የመልካም ዜና፣ ለሌላው የሥጋት ምንጭ ሆኖ ነበር። ሳተላይቱ ግን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እዚህ ቦታ ላይ በፊት ያልነበረ ውሃ አለ።" የቀረውን የጨመሩት ሰዎች ናቸው።

ጭስ አይቶ ሰሃን ይዞ መሮጥ

ይህ ልዩነት አንዳንዴ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ያስከፍላል። በየካቲት 2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት የኢራቅን የሳተላይት ምስሎች አቀረቡ። በአንደኛው ምስል ላይ ከመጋዘኖች አጠገብ የቆመ ተሽከርካሪ የኬሚካል ጦር መሣሪያ መኖሩን የሚያመለክት ነው አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተቆጣጣሪዎቹ መሪ ሃንስ ብሊክስ በቦታው የታየው እንቅስቃሴ የተለመደ የዕለት ሥራም ሊሆን እንደሚችል ለዚሁ ምክር ቤት ተናገሩ። በመጋቢት ጦርነቱ ተጀመረ። የተባለው የጦር መሣሪያ ክምችት አልተገኘም። ምስሎቹ ሐሰተኛ አልነበሩም። የተሳሳተው ንባቡ ነው።

በሌላ በኩል ትክክለኛ ንባብ አደጋ አስቀርቶ ያውቃል፤ ያውም እዚሁ አህጉራችን ላይ። በ1977 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ሳተላይት በደቡብ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ለኑክሌር ሙከራ የሚመስል ዝግጅት አየ። ሶቪየቶች ለአሜሪካ ነገሩ። አሜሪካኖች ዝም ብለው አላመኑም፤ የራሳቸውን ሳተላይት ልከው አረጋገጡ። ሁለት ባላንጣዎች አንድ ዓይነት ነገር ማየታቸው ነው ክብደት የሰጠው። በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ግፊት በዛበት፣ ሙከራውም ቀረ። በ1993 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ አገራቸው ስድስት የኑክሌር ቦምቦች ሠርታ እንደነበርና እንዳፈረሰቻቸው ይፋ አደረጉ።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት የካሜራው ጥራት አይደለም። በካላሃሪው ጊዜ አንዱ ያየውን ሌላው በራሱ መንገድ አጣራ። በኢራቁ ጊዜ ግን ለጥርጣሬው የሚስማማው ንባብ ተመረጠ፤ መሬት ላይ የነበሩት ሰዎች ጥያቄ አልተሰማም።

ለዚህ ነው ኤጀንሲው በምስል ብቻ የማይፈርደው። ተቆጣጣሪዎች ገብተው ዩራኒየሙን ይቆጥራሉ፣ ካሜራና ማኅተም ያደርጋሉ፣ ከግድግዳ ላይ አቧራ ጠርገው ይመረምራሉ። የኑክሌር ሙከራን ደግሞ መሬትም ትናገራለች። ሰማዩ ጠርቶ ከጌጃ ሰፈር ወደ ደቡብ ስታዩ የሚታየው የፉሪ ተራራ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያ አለ። የኑክሌር ሙከራን ለማገድ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ከተመዘገቡት ረዳት ጣቢያዎች አንዱ ነው። ሳተላይት ከላይ፣ ፉሪ ከታች፣ ተቆጣጣሪ ከውስጥ። ሦስቱ አንድ ቃል ሲሆኑ ነው ልባችን የሚያርፈው።

አሁን እናንተ ሞክሩት

ይህን ለመሞከር ዩኒቨርሲቲ መግባት አይጠበቅባችሁም። የኮፐርኒከስ ብራውዘር በስልክም ቢሆን ይከፈታል፣ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ ፈልጋችሁ የታኅሣሥንና የሰኔን ጥላ አነጻጽሩ። ቀጥሎ ወደ ግብፅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ወደ ኤል ዳባ ሂዱ። እዚያ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ሬአክተሮች እየተገነቡ ነው፤ የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሱትን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጡና የተለወጠውን በወረቀት ላይ ጻፉ።

ስትጽፉ ግን ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል "ያየሁት" በሉ፣ በሌላው "የገመትኩት"። ለእያንዳንዱ ግምት ደግሞ "ቅጠል እያቃጠሉ ቢሆንስ?" ብላችሁ ጠይቁ። የአክስቴ ልጅ ሞክራው "ያየሁት" በሚለው በኩል አምስት መስመር፣ "የገመትኩት" በሚለው በኩል ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ አመጣችልኝ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አጣራን። ሲመሽ የቀሩን ሦስት ግምቶች ብቻ ነበሩ፤ በእነዚያ ሦስቱ ግን ሁለታችንም ተማምነናል።